ይህ ሞተር አስፋልት አይወጣም

የአያ እንድሪስን ሞት የነገረኝ መንጃ ፈቃዱን ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ የባጃጅ ሹፌር ነው። ወረቀቱን ከእጄ እየተቀበለ፣ ስለ ቤንዚን ወረፋ እንደሚያወራ ሰው፣ «እንድሪስ ክላክስ ሐርቡ ልጃቸው ቤት አረፉ አሉ። ቀብሩ ከዙሁር ሰላት በኋላ እዚሁ ነው» አለኝና ወጣ። ቀጥላ የመጣች ተማሪ ሁለት ጊዜ ጠርታኝ አልሰማኋትም።

«እንድሪስ ክላክስ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው የከሚሴ ሰው ነው። ሲያወጣላቸውም ለፍቅር አልነበረም። ከተማችን ስም ለማውጣት ይቸኩላል፤ ስሙ ከምን እንደመጣ ለመጠየቅ ግን ጊዜ የለውም። የዚህን ስም ነገር ከነሥሩ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።

ሱቄና የእሳቸው የሞተር ጋራዥ በአንድ ቆርቆሮ የተለያዩ ነበሩ። እኔ በዚህ በኩል ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ በላስቲክ እለብጣለሁ፤ እሳቸው በዚያ በኩል ሞተር ይፈታሉ። ቆርቆሮው ላይ የሚስማር ቀዳዳ ስለነበረበት የሚሉትን ሁሉ እሰማ ነበር። አጠር ያሉ፣ ትከሻቸው የጎበጠ፣ መነጽራቸውን ከውስጥ ጎማ በተቀደደ ገመድ አንገታቸው ላይ ያሰሩ ሰው ነበሩ። ሞተር ሲመጣላቸው መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አድርገው «ቢስሚላህ» ይላሉ፤ ከዚያ ዝም ብለው ይቆያሉ። ባለቤቱ ይቁነጠነጣል። «አያ፣ ምን ሆኖ ነው?» ሲላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «አብሽር።»

አብሽር ማለት በእኛ አገር አይዞህ፣ ሐሳብ አይግባህ ማለት ነው። ማንም ለማንም ይለዋል። ከቆርቆሮው ማዶ ሆኜ ዓመታት ስሰማ ግን አንድ ነገር ለይቻለሁ። ሞተሩ የሚድን ከሆነ አያ እንድሪስ አብሽር የሚሉት በለሆሳስ ነው። የማይድን ከሆነ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚሉት።

አሥራ አንድ ዓመት አረብ አገር ኖረዋል። እንደ ብዙው የአገራችን ሰው በበረሃ ሄደው፣ እንደ ብዙው የአገራችን ሰው ባዶ እጃቸውን በአውሮፕላን ተመልሰዋል። እዚያ ሳሉ የሠሩት ሥራ ግን የማንንም አይመስልም። ሀብታሞች ለመዝናናት ሞተር የሚነዱበት የታጠረ ክብ መንገድ ነበር፤ እሳቸው መጀመሪያ መንገዱን ይጠርጉ ነበር፣ በኋላ ለጀማሪዎች የሚሆን ሞተር መምረጥና ማዘጋጀት ተማሩ።

«ሰውየው ይመጣል፣ ክቡን ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ቤቱ ይገባል» ብለው አጫውተውኛል። «ወላሂ መጀመሪያ ሳየው እብድ መሰለኝ። የትም አይደርስማ! በኋላ ነው የገባኝ። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይዞራል፣ የሚመጣበት መኪና የለ፣ የሚያቋርጥ ከብት የለ። የልቡን ያደርስና በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የኛ ልጆች ናቸው እብዶቹ።»

የእኛ ልጆች እብደት የሚወጣው በዒድ ነበር። ሰላት ተሰግዶ፣ ምሳ ተበልቶ፣ አዲስ ልብስ ተለብሶ ሲያበቃ ሞተር ያለው ሁሉ ወደ አስፋልቱ ይወጣና ይሽቀዳደማል። ያ አስፋልት የአዲስ አበባና የደሴ መኪና የሚመላለስበት ነው። በዒድ ማግስት ቀብር መሄድ ለምደን ነበር፤ ክፉ ልማድ ነው ግን ለምደነዋል። ከሞቱት ልጆች የአብዛኞቹን ሞተር የሚጠግኑት አያ እንድሪስ ስለነበሩ፣ ከቀብር ሲመለሱ ጋራዡን አይከፍቱም። በሩ ላይ ቁጢጥ ይሉና፣ «አላህ አንድ ዒድ ያለ ቀብር ያሳየኝና ከዚያ ይውሰደኝ» ይሉ ነበር። ከዚህ ሌላ ምኞት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የጨፋ ሜዳ ሲጀምር፣ መንገድ ሠሪዎች ካምፕ አድርገውት የነበረ ግቢ አለ። ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ አስፋልት የለበሰው መሬት ብቻ ቀረ። አያ እንድሪስ የሰፈሩን ሽማግሌዎች አስፈቅደው፣ ጠርገው፣ አሮጌ ጎማ በየማጠፊያው ደርድረው ክብ መንገድ አወጡበት። የቀረው ሞተሩ ብቻ ነበር። ልጆቹ የየራሳቸው ቢኖራቸውም እሳቸው አልፈለጉም። «ሁሉም በአንድ ሞተር ይማር። ያኔ ሞተሬ ደካማ ሆኖ ነው የሚል አይኖርም» አሉ።

ሞተሩን ለመምረጥ ሰንበቴ ገበያ ሄድን፤ እሳቸው፣ እኔና ከማል። ከማል የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። በሞተር ጫት ከገበያ ገበያ ያመላልሳል፤ ወላጆቹ ጨፋ ሮቢት ገበሬዎች ናቸው። በዒድ ሽቅድድም ማንም ቀድሞት አያውቅም። አያ እንድሪስ ይዘውት የሄዱት ለዚህ ነው፤ «እሱን ካሳመንኩ ሌላው እንደ በግ ይከተላል» ብለውኝ ነበር።

ከከብቱ ተራ ጎን ሞተር የሚሸጡ ሰዎች ይቆማሉ። ከማል ገና ሳንደርስ አንድ ቀይ ትልቅ ሞተር ላይ ተሰቅሏል። ባለቤቱ ነዳጁን ሲሰጠው ግመሎቹ ሁሉ ደነበሩ።

«አያ! ስሙልኝማ ድምፁን! ይሄ ነው ሞተር!»

«ውረድ።»

«ምነው?»

«ድምፅ መጨረሻ ነው የሚሰማው። ድምፅ ያታልላል። አንተ በሬ ስትገዛ ጩኸቱን ሰምተህ ነው እንዴ የምትገዛው?»

እሳቸው የመረጡት ከፍየል ነጋዴዎቹ ጎን አንድ ጥግ የቆመ፣ ቀለሙ የተላጠ ትንሽ ሞተር ነበር። የፊት ጎማውን አስነስተው መሪውን በአንድ ጣት ወዲያና ወዲህ አዞሩት፤ የሚይዘው ነገር እንዳለ ጣታቸው ይነግራቸዋል። ጎማዎቹን እያሽከረከሩ ጆሯቸውን ወደ ኩሽኔታው አስጠጉ። ካቴናውን ጎተቱ። ፍሬኑን ያዙ፣ ለቀቁ፣ ያዙ። አጎንብሰው ዘይት ያፈስ እንደሆነ ለማየት ከሥሩ በነጭ መሐረባቸው ጠረጉ። የሞተሩን ድምፅ የሰሙት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ እሱንም ለአፍታ።

ከማል ሊያለቅስ ደረሰ። «አያ፣ ይሄ እኮ ፍየል የሚጫንበት ነው! ሰው ይስቅብናል!»

«ይሳቅ። ስማኝ ልጄ፣ ጀማሪ መውደቁ አይቀርም። ይሄ ሲወድቅ ብቻህን ታነሳዋለህ። ያ ቀዩ ሲወድቅ ግን አንተን ነው አራት ሰው የሚያነሳህ።»

ከማል ቃሬዛውን አሰበው መሰለኝ ዓይኑን ከቀዩ ሞተር ላይ አነሳ። ሞተሩን ገዝተን ተመለስን።

ዝግጅቱ ሁለት ሳምንት ወሰደ። በቆርቆሮው ቀዳዳ መስማት አልበቃኝ ብሎ ሥራዬን እየዘጋሁ እያየሁ ነበር። መጀመሪያ የሚያቆመውን ነገር አዲስ አደረጉ፤ ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ሽቦ። «ለሚያስሮጠው አትጨነቅ፤ እሱን ልጆቹ ራሳቸው ያገኙታል» ይሉ ነበር። ቀጥሎ የዘይት መድፊያውን ቡሎን ራስ በስተው፣ በቀጭን ሽቦ ጠምዝዘው እንዳይላላ አሰሩት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ዘይት ጠብ ካለ የሚወድቀው ነጂው አይደለም፤ ከኋላው የሚመጣው ነው። የራስህን ቡሎን የምታስረው ለጎረቤትህ ብለህ ነው» አሉኝ። ከዚያ መንቀል ጀመሩ። ስፖኪዮዎቹን፣ የፍሬቻ መብራቶቹን፣ የፊት መብራቱን፤ ሲወድቅ የሚሰበርና መንገዱ ላይ የሚበተን ብርጭቆ ሁሉ ወጣ። የቀድሞ ባለቤቱ የለጠፈው የፕላስቲክ አበባ ወጣ። በመጨረሻ ክላክሱን ነቀሉት።

«ክላክሱ ደግሞ ምን አደረገ? እሱ እኮ አይሰበርም!» አልኳቸው።

«አንተ ሰይድ፣ የኛን ልጅ አይተኸዋል? ከብት ሲያይ ክላክስ ይነፋል። ሰው ሲያይ ክላክስ ይነፋል። ፍሬን መያዝ ሲገባው ክላክስ ይነፋል። ክላክስ ያሳጣኸው ዕለት እጁ ፍሬን ይፈልጋል።»

እውነታቸውን ነበር። ዛሬም ቢሆን እውነታቸውን ነበር እላለሁ። ክላክሱን በጨርቅ ጠቅልለው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት።

ሞተሩ ሲያልቅ ወደ ሱቄ መጡና በትልቁ ጻፍልኝ አሉኝ። የጻፍኩት ይህን ነው፤ «ይህ ሞተር አስፋልት አይወጣም።» አይተው ጥቂት አሰቡ። «ከሥሩ ጨምር፤ ባለቤቱ ቢለምንም።» ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ጨምሬ በላስቲክ ለብጬ ሰጠኋቸው፣ ቤንዚን መያዣው ላይ ለጠፉት።

የመጀመሪያው ቀን እሑድ ጠዋት ነበር። አሥራ አንድ ልጆች መጡ፣ አብዛኞቹ ለመሳቅ። ሕጉ አጭር ነው። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይዞራል። ማጠፊያ ላይ ከመግባቱ በፊት ይቀዘቅዛል። ሦስት ዙር ሳይሞላ ማንም አይፈጥንም። አያ እንድሪስ መሐል ቆመው በኦሮምኛ «ሱታ! ሱታ!» ይላሉ፤ ቀስ በል፣ ቀስ በል። ከማል ሕጉን ሰማ፣ ወጣ፣ በመጀመሪያው ማጠፊያ ላይ ወደቀ። ተነሳ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። ሞተሩን በሁለት እጁ ይዞ ብቻውን አቆመውና ዞሮ አያ እንድሪስን አያቸው። ማንም አላስተዋለም፣ እኔ ግን የዚያን ዕለት ልጁ እንደተለወጠ አየሁ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የሚመጣው እሱ ነው፤ ቀድሞ የሚመጣው፣ ሜዳውን የሚጠርገው፣ አዲስ ለሚመጡት ፍሬን አያያዝ የሚያሳየው። «ሱታ» የምትለዋን ቃል ከአያ እንድሪስ አፍ ቀምቶ ራሱ ይጮኽባት ነበር። እናቱ እቴ ዘሀራ አንድ ቀን ከጨፋ ሮቢት አንድ ጠርሙስ ማር ይዘው መጥተው፣ «ልጄን ሰው አደረጉልኝ» ብለው የአያ እንድሪስን ትከሻ ሳሙ።

ዒድ ደረሰ። ልጆቹ ከምሳ በኋላ ሞተራቸውን አስነስተው ወጡ፤ የሄዱት ግን ወደ ካምፑ ግቢ ነው። እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሲዞሩ ዋሉ። በማግስቱ ገና ሱቄን ስከፍት አያ እንድሪስ በእጃቸው ተምር ይዘው በሬ ላይ ቆመዋል።

«ሰይድ፣ ምን ሰማህ?»

«ስለምን አያ?»

«ዛሬ ምን ወሬ ሰማህ?»

«ምንም።»

«ምንም!» አሉ። ተምሩን እጄ ላይ አደረጉና እንደገና «ምንም!» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። እንዲህ ተደስተው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ሁለት ወር አልሞላም። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። አያ እንድሪስ መለዋወጫ ሊገዙ ኮምቦልቻ ሲሄዱ፣ እንደ ልማዳቸው የጋራዡን ቁልፍ እኔ ዘንድ ትተዋል። አራት ሰዓት ገደማ ከማል እየሮጠ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ አባቴ ሞተ። ሊነጋጋ ሲል፣ ሱብሂ ላይ ነው የሞተው፣ አሁን ገና ሰው መጥቶ ነገረኝ። ዙሁር ላይ ይቀብሩታል።»

«ኢና ሊላህ…»

«መናኸሪያ አንድ መኪና የለም። የኔ ሞተር እዚያ ውስጥ ተፈትቷል። ጋሼ፣ ያንን ስጠኝ።»

የትኛውን እንደሚል አውቄአለሁ። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ የከረመበት፣ ስልክም አንድ ቀን የሚሠራ ሦስት ቀን የሚጠፋበት ሰሞን ነበር። አያ እንድሪስ ዘንድ ደወልኩ፣ አልገባም። ደግሜ ደወልኩ።

«ከማል፣ እሱ ሞተር እኮ…»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ እኮ ለሌላው የማስጠነቅቀው። ማሎ ጋሼ፣ እባክህ፣ አፈር ሳይመልሱበት ፊቱን ልየው። የመጀመሪያ ልጁ ነኝ፣ ቀብሩ ውስጥ መውረድ ያለብኝ እኔ ነኝ።»

በእኛ አገር ለሠርግ የሚለምንህን ሰው እምቢ ማለት ትችላለህ። ለበሽተኛ የሚለምንህንም እንደምንም ታሳልፈዋለህ። ለአባቱ ቀብር የሚለምንህን ልጅ እምቢ የሚል ሰው ግን ከእንግዲህ ማን ሰላም ይለዋል? ጀናዛ አይቆይም። ቁልፉን አወጣሁና ጋራዡን ከፈትኩ። ከማል ሞተሩን ወደ ውጭ ገፋው። ለመውጣት ሲዘጋጅ ወረቀቱን አየው፤ ቀስ አድርጎ ከቤንዚን መያዣው ላይ ላጠና እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ክላክስ የለውም» አልኩት።

«አብሽር ጋሼ። ሱታ ሱታ እሄዳለሁ።»

ባጃጅ ኮንትራት ልያዝልህ ማለት እችል ነበር። ወይም ክላክሱን ከመደርደሪያው አውርደን እናስረው፣ ሁለት ቡሎን ነው ማለት እችል ነበር። ያኔ አልመጣልኝም። አሁን በየቀኑ ይመጣልኛል።

እንዳለው ሱታ ሱታ ነው የሄደው። ይህን ያሉት ያዩት ሰዎች ናቸው። ጨፋ ሮቢት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አንድ አይሱዙ መንገድ የገባበትን ከብት ሊሸሽ ወደ ግራ ወጣ፤ ከማል ከኋላው መጥቶ በዚያ በኩል ሊያልፈው ተጠግቶ ነበር። ሹፌሩ በኋላ እየማለ እንደተናገረው፣ ክላክስ ቢሰማ ኖሮ አይወጣም ነበር። ምንም አልሰማም። አባትየውን ዙሁር ላይ ቀበሩት፤ ልጁን ለአስር ሰላት ከጎኑ። የአባቱን ፊት አላየም።

በእኛ በኩል ደም ሲፈስ ነገሩ የሚታየው በአባጋሮች ፊት ነው። አባጋር የሚባሉት ሁሉም ወገን የሚቀበላቸው አስታራቂ ሽማግሌዎች ናቸው። በከማል አጎት ግቢ ተቀመጡ። ሹፌሩ አለ፣ የከማል ዘመዶች አሉ፣ አያ እንድሪስ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው መሐል ላይ ቆመዋል። እኔ ከኋላ፣ አጥሩ ሥር ነበርኩ። ሁሉም የሚያውቀው ሞተሩ የማን እንደሆነ ብቻ ነው። ያን ቀን እሳቸው እንዳልነበሩና ቁልፉ እኔ ዘንድ እንደነበር ከእሳቸውና ከእኔ ሌላ የሚያውቅ በሕይወት አልነበረም።

ትልቁ አባጋር ጠየቁ። «እንድሪስ፣ ሞተሩ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ክላክሱን ማን ነቀለው?»

«እኔ። በዚህ እጄ።»

«ለልጁ ማን ሰጠው?»

መነሳት ነበረብኝ። እግሬ ተነሳ ስለው እምቢ አለ ብል ውሸት ነው፤ ተነሳም አላልኩትም። ሁለት ልጆቼን አሰብኩ፣ ሱቄን አሰብኩ፣ የከማልን አጎቶች ፊት አየሁ።

አያ እንድሪስ አልዋሹም። ዘወር ብለውም አላዩኝም። «ከኔ ቤት ነው የወጣው። ሌላ ሰው አትፈልጉ» አሉ።

አጎቶቹ እርቁን ተቀበሉ። እቴ ዘሀራ ግን ከቤት ውስጥ ሆነው፣ «ትልቅ ሰው አልነበር? ልጄ በለቅሶ ሲያብድ እሱ ማሰብ አልነበረበትም?» እያሉ ሲጮኹ ለሁላችንም ይሰማ ነበር።

በማግስቱ ጋራዣቸው ገባሁ። ወረቀቱን ይዤ ነበር የሄድኩት። «አያ፣ ሄጄ እናገራለሁ» አልኳቸው።

«ለማን ይጠቅማል?»

«ለእርስዎ!»

«እኔን ተወኝ። ለቀብር ነው የሰጠኸው። እኔም ብኖር እሰጠው ነበር። ባለቤቱ ቢለምንም ብዬ ያጻፍኩት ራሴን ስለማውቀው ነው።» ክላክሱን ከመደርደሪያው አውርደው ጨርቁን ፈተው ያዩት ጀመር። «አንተ የሰጠኸው ቁልፍ ነው። እኔ የወሰድኩበት ድምፁን ነው። አብሽር።»

አብሽር ያሉኝ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሞተር የሚያመጣላቸው ሰው ጠፋ። የሞተ ልጅ ሞተር ያዘጋጀ እጅ ይባላል። የካምፑ ግቢ ታጠረ፣ ጎማዎቹን ሰው እያነሳ ወሰዳቸው። እሳቸው በሩ ላይ በርጩማ አውጥተው የሚያልፈውን ሁሉ ያስቆሙ ነበር፤ ባጃጁን፣ ሞተሩን፣ ጋሪውንም ሳይቀር። «ክላክስህ ይሠራል? ንፋውማ» ይላሉ። የማይሠራውን በነጻ ያበጁለታል። ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ የላቸውም። እንድሪስ ክላክስ የተባሉት በዚህ ነው። ልጆቹ ሲያልፉ አፍንጫቸው ሥር ረጅም ክላክስ እየነፉ ይስቁባቸዋል፤ እሳቸው ራሳቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው «ይሠራል፣ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ቀጣዩ ዒድ ሲመጣ ልጆቹ ወደ አስፋልቱ ተመለሱ። በማግስቱ ቀብር ሄድን። በሚቀጥለውም ዒድ ሄድን። በመጨረሻ ዓይናቸው ሲደክም ልጃቸው መጥታ ወደ ሐርቡ ወሰደቻቸው፤ ጋራዡ አሁን የጫማ መደብር ነው።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ «ነገ እናገራለሁ» ስል ኖሬአለሁ። ሐርቡ ሄጄ ስጠይቃቸው እንኳ ስለ ዝናብና ስለ ልጆች ተጫውተን እመለሳለሁ። ፈሪ ነኝ። ይህን ለማለት ወረቀት ላይ መጻፍ አስፈለገኝ።

ዛሬ ቀብራቸው ላይ ብዙ ሰው አልነበረም። ሰላተል ጀናዛው ከመሰገዱ በፊት ኢማሙ፣ እንደ ወጉ፣ «ከእኚህ ሰው ላይ ሐቅ ያለው ካለ ይናገር፤ ካልሆነ አውፍ፣ ይቅር ይበላቸው» አሉ። ሰዉ በአንድ አፍ «አውፍ ብለናል» አለ። እኔም አልኩ። ከሁሉ በላይ የከበደኝ ይህ ነው፤ ሐቃቸው እኔ ላይ ያለውን ሰው ይቅር አልኳቸው። አፈሩ ሲመለስ ቆሜ አየሁ።

ስመለስ እቴ ዘሀራን ሱቄ በር ላይ አገኘኋቸው። ከልጃቸው ሞት በኋላ ከተማ ገብተው ዘመድ ቤት ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው በደንብ አያይም። በድምፄ ለዩኝ።

«ሰይድ ነህ? ከቀብር ነው?»

«አዎ እቴ።»

«አውፍ በሉት ተባለ?»

«ተባለ።»

«ሰዉ ሁሉ አለ?»

«ሁሉም አለ።»

«እኔ አላልኩም። አልልም።» ክንዴን ያዙኝ፤ ጣታቸው ቢቀጥንም አጥብቆ ይይዛል። «በአኺራ እዚያው አላህ ፊት አንገቱን ይዤ እጠይቀዋለሁ። ልጄ አብዶ ሲመጣ ቁልፉን ለምን ሰጠኸው? እለዋለሁ። ምን ብሎ የሚመልስልኝ ይመስልሃል፣ ልጄ?»

ምን ብለው እንደሚመልሱላቸው አውቃለሁ። እዚያም ቢሆን ዞር ብለው አያዩኝም። ከኔ ቤት ነው የወጣው፣ ሌላ ሰው አትፈልጊ ይሏቸዋል።

አፌን ከፈትኩ። እጃቸው ክንዴ ላይ ነው፣ ፊታቸው ወደ እኔ ዞሯል፣ ይጠብቃሉ። በመንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ ክላክሱን እየነፋ አለፈ። እስኪያልፍ ጠበቅሁ።

«አብሽሩ፣ እቴ» አልኳቸው፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ።